አስታማሚውን ማን ያስታምመው?



ዛሬ ሌሊት የሚፈጸመው የዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ መጻጉዕ ይባላል። በዚያ ዕለት የሚታሰበው በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት በደዌ የኖረው ሰው ነው። ይህ ሰው ከደዌው ሌላ ያስጨነቀው፣ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱ ነበር። በቅፍርናሆም ደግሞ ሌላ ሽባ እናገኛለን። እርሱን አራት ሰዎች ተሸክመውት መጡ፤ የሕዝቡ ብዛት መንገድ ቢዘጋባቸውም የቤቱን ጣራ ከፍተው ከጌታ ፊት አወረዱት። አንዱ ሰው አጣ፤ ሌላው አራት ሰው አገኘ። በየቤታችን ያለው የአእምሮ ሕሙም ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህም ሰው ብዙ ጊዜ እናት ወይም እኅት ናት። አራት ሰው የተሸከመውን አልጋ እርሷ ብቻዋን ተሸክማዋለች።

በጾሙ መግቢያ ሰሞን በአዲስ አበባ በአንድ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተገኝተን ነበር። ተራ ከሚጠብቁት መካከል ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ እናት ከወጣት ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ልጁ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ሕመም ከያዘው ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ነርሱ በየወሩ የሚሰጠውን መርፌ ከወጋው በኋላ እጁ ይንቀጠቀጥ፣ ሰውነቱም ይገትር እንደሆነ ተመለከተ፤ ስለ እንቅልፉና ስለ ምግቡ ጠይቆ በካርዱ ላይ ጻፈ። ከዚያም ወደ እናቲቱ ዞሮ፣ «እማማ፣ እርስዎስ እንቅልፍ ያገኛሉ?» አላቸው።

እናቲቱ ወዲያው አልመለሱም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ «እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ ልጄ» አሉ። ልጁን አደራ የሚሰጡት ሰው ስለሌለ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የትንሣኤን ሌሊት በቤተ ክርስቲያን አላደሩም። በመጀመሪያው ዓመት፣ ሌሊት ወጥቶ መኪና እንዳይገጨው ፈርተው፣ እግሩን በገመድ ከአልጋው ጋር አስረውት እንደነበር ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ነርሱ አልገሠጻቸውም። «ብቻዎን ስለነበሩ ነው» አላቸው።

በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ታሪክ የነርሶች ድርሻ ከፍ ያለ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ የነርሶች ሥልጠና ግን በአማኑኤል ሆስፒታል ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ተጀምሯል። ከዚያ የወጡት ነርሶች በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ሕሙማንን ሲረዱ ኖረዋል። በ1990 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ በተጀመረው ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው መካከል አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ ታይቷል። ታዲያ እነዚህን ሁሉ ሕሙማን እስከዚያ ያቆያቸው ማን ነበር? ቤተሰብ ነው።

ስለዚህ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሥራ መርፌ በመስጠት አያበቃም። ሕመሙ የእናት አስተዳደግ ወይም የኃጢአት ውጤት አለመሆኑን ለቤተሰቡ ማስረዳት፣ ሕሙሙ ለሌላው የማይሰማ ድምፅ ሲሰማ ከእርሱ ጋር ከመከራከር ይልቅ ረጋ ብሎ ማነጋገር እንደሚሻል ማስተማር የሥራው ክፍል ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ ምግብን መጠራጠር የሕመሙ ማገርሸት ምልክት ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ እስኪብስ ሳይጠበቅ ወደ ሕክምና መምጣት እንደሚገባም ይነግራል። አስታማሚዋ ራሷ እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ካስጠላት፣ ተስፋ ከቆረጠች፣ እርሷም ሕክምና የሚያስፈልጋት ሰው መሆኗን አይዘነጋም።

በዚህ ሰሞን ሁለት ጥያቄዎች በየቤቱ ይነሣሉ። አንደኛው የጠበል ጉዳይ ነው። ጠበል የጀመረ ሰው መድኃኒት ማቆም አለበት የሚል አስተሳሰብ ብዙዎችን ለዳግም ሕመም ዳርጓል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው ይታወሳል። ለአእምሮ ሕሙማንም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ሕሙሙ እየተጠመቀ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ መድኃኒቱን እየወሰደም ይጸልያል።

ሁለተኛው የጾም ጉዳይ ነው። ሕመምተኛ እንደ አቅሙ እንጂ ከአቅሙ በላይ እንዲጾም አይገደድም። በተለይ ሊትየም የተባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ውኃ ሳይጠጣ ሲቆይ፣ የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ከፍ ብሎ ለአደጋ ሊያጋልጠው ይችላል። ስለዚህ አክፍሎትን የመሰለውን ጾም ከመጀመር በፊት ከንስሐ አባትም ከሕክምና ባለሙያም ጋር መመካከር ይገባል። በበዓሉም ቀን ቢሆን ጠላና አረቄ ለሕሙሙ ባይቀርብ፣ የመድኃኒቱም ሰዓት በእንግዳ ብዛት ባይረሳ መልካም ነው። እንግዳ መጣ ብሎ ሕሙሙን በጓዳ መደበቅም አይገባም። የሰው ብዛትና ጫጫታ ከከበደው ጸጥ ያለ ቦታ ይዘጋጅለት፤ ከማዕዱ ግን አይለይ።

አልጋው አራት ማዕዘን አለው። አንዱን ማዕዘን የሚይዝ ዘመድ በሳምንት አንድ ሌሊት ከሕሙሙ ጋር ያድራል። ሁለተኛው በቀጠሮው ቀን ወደ ሕክምና ይወስደዋል። ሦስተኛው የመድኃኒትና የመጓጓዣ ወጪ ይጋራል። አራተኛው መጥቶ አብሮት ይበላል፣ ያጫውተዋል። ዕድራችን ለሞተው ሰው ድንኳን ለመትከል ፈጥኖ ይደርሳል። በሕይወት ሳለች ለደከመች አስታማሚ አንድ ሌሊት መድረስ የሚሳነው አይመስለንም።

ነርሱ በሚቀጥለው ቀጠሮ የእናቲቱ ወንድምና ታላቁ ልጃቸው አብረው እንዲመጡ ጠየቀ። መጡ። መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ ልጁ ሌሊት ቢነሣ ምን ማድረግ እንደሚገባ፣ ቢብስበትም የት መሄድ እንዳለባቸው አስረዳቸው። ታላቅየው፣ «እናቴ ትችለዋለች ብዬ ነበር የተውኩት» አለ። ይህ ቃል በብዙ ቤት ያለ ቃል ነው። ትችላለች የምንላት እናት የምትችለው፣ ሌላ የሚችል ሰው ስላላገኘች ነው።

ታላቅየው ዛሬ ሌሊት ከወንድሙ ጋር ሊያድር ቃል ገብቷል። በዚህ ሳምንት እናቲቱን ስንጠይቃቸው፣ «ነጠላዬን አጥቤ አስቀምጫለሁ» አሉን።

ውድ አንባብያን፣ በጎረቤታችሁ፣ በዘመዳችሁም ቤት ነጠላዋን አጥባ ሰው የምትጠብቅ አስታማሚ አለችን? እንግዲያው ዛሬ ሌሊት የአልጋውን አንድ ማዕዘን የሚይዝላት ይገኝ።

መልካም የትንሣኤ በዓል።