ከጎረቤት የመጣ እርሾ

በመንዝ ብርድ ሊጥ አይቸኩልም። ቡሃቃው በፈላ ውሃ ታጥቦ እርሾው የጠፋባት እናት ልጇን ወደ ጎረቤት ትሰዳለች፦ «እርሾ ላኪልኝ ብላለች በላት»። በጣሳ የመጣችው እርሾ ሕይወት ያላት ናት፤ ሊጡን ቀድማ ትይዘዋለች፣ የሚያበላሸውም ቦታ ያጣል።

ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ሕክምናም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ቡሃቃው ግን የሰው አንጀት ነው።

አንጀታችን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አንቲባዮቲክ ስንውጥ መድኃኒቱ ጠላትን ብቻ ለይቶ አይገድልም፤ ነባሮቹንም ያጭዳቸዋል። ያን ጊዜ ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል የሚባለው ባክቴሪያ ባዶ ቤት ያገኛል። መርዙ አንጀትን ያቆስላል፣ ኃይለኛ ተቅማጥ ያስከትላል፣ አረጋውያንንና አቅመ ደካሞችን ይገድላል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ዘሩ ነው፤ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ስለሚተኛ አንቲባዮቲክ አይደፍረውም። ስለዚህ ከታከሙት አምስት ሰዎች አንዱ ገደማ ሕመሙ ያገረሽበታል፤ አንዴ ካገረሸ ደግሞ የመመላለስ ዕድሉ ይጨምራል።

ምስጢሩ በከፊል ሐሞት ላይ ነው። ከጉበት የሚወጣው ሐሞት ሳይለወጥ ሲቀር የተኛውን ዘር ይቀሰቅሰዋል። ነባሮቹ ባክቴሪያዎች ግን ያንኑ ሐሞት ለውጠው ዲፊሲል እንዳያድግ የሚከለክል ያደርጉታል። እነርሱ ሲሞቱ ከልካይ ይጠፋል። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ይህ ነው፦ ሕመሙን የሚያግተው የገዛ ሐሞታችን ሆኖ፣ ለዚህ የሚያበቁት ነባሮቹ ባክቴሪያዎች መሆናቸው።

ታዲያ ከጤነኛ ሰው ሰገራ የተወሰዱ ባክቴሪያዎችን ወደ በሽተኛው መመለስስ? ቤን አይዝማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ዴንቨር ለ4 ሕሙማን ይህን ማድረጋቸውን የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። በ2013 ደግሞ በአምስተርዳም ጥናት ከ16 ሕሙማን 13ቱ በአንድ ጊዜ፣ 2ቱ በድጋሚ ሲሰጣቸው ዳኑ፤ ቫንኮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ብቻ ከወሰዱት 13 የዳኑት 4 ነበሩ። አሜሪካ በ2022 በፊንጢጣ የሚሰጠውን ሪባዮታ የተባለ መድኃኒት፣ በ2023 ደግሞ በቀን 4 ፍሬ ለ3 ቀን የሚዋጠውን ቫውስትን ፈቀደች።

እቤት የሚሞከር ነገር ግን አይደለም። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ከለጋሹ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ተላልፎበት አንድ ታካሚ ሞቷል፤ ለጋሽ ደሙም ሰገራውም በጥብቅ ይመረመራል።

ለእኛ ሰው ይበልጥ የሚያሳስበኝ የፊተኛው ደረጃ ነው። ያለ ማዘዣ የተገዛ አሞክሲሲሊን፣ ከጎረቤት የተረፈ ካፕሱል፣ ሁለት ቀን ተውጦ የተተወ ቴትራሳይክሊን፤ እነዚህ ሁሉ ቡሃቃውን ያጥባሉ። ተቅማጥ ሲመጣ ደግሞ «አሜባ ነው» ብለን እናልፋለን። መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ ጤና ተቋም ስትሄዱ ባለፉት ሁለት ሦስት ወራት የዋጣችሁትን ኪኒን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ። ቤት ውስጥ ታማሚ ካለ ደግሞ እጃችሁን በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፤ የዲፊሲልን ዘር አልኮል አይገድለውም።