ሶፍት ኮፒ አለህ?

ለገሃር፣ በመንገዶች አስተዳደር ዋና መሥሪያ ቤት ዙሪያ ባሉት ቡና ቤቶች ቁጭ ብሎ ጆሮውን የሰጠ ሰው አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል። «የድሬኔጅ ማንዋሉ ሶፍት ኮፒ አለህ?» «አለኝ፣ ልላክልህ።» ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ብዙ መቶ ገጽ ያለው መጽሐፍ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ይሻገራል። ጠያቂው የኮንትራክተር ሰው፣ ሰጪው ደግሞ የኮንሰልታንት ሊሆን ይችላል። ሳይት ላይ በክፍያ ሰርተፊኬት ሲጨቃጨቁ የሚውሉት ሁለቱ፣ ፋይል ለመስጠት ግን ሲሰስቱ አላየሁም።

የኢትዮጵያ ሲቪል መሐንዲሶች ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ይህ ነው። ሕንፃም በጀትም የለው፣ ኃላፊም አልተሾመለት። በቴሌግራም ቻናልና ግሩፕ፣ በፍላሽ፣ በጉግል ድራይቭ ተበትኖ ይኖራል። ቴሌግራም ምን እንደሆነ አላስረዳም። ለምን እንደተመረጠ ብቻ ልናገር፦ ትልቅ ፋይል ይሸከማል፣ ስልክ ቢሰረቅ እንኳ የተላከው ነገር አይጠፋም፣ ኔትወርክ መጣ ሄድ ሲል ማውረዱን ካቆመበት ይቀጥላል። ከከተማ ርቆ ካምፕ ውስጥ ለሚያድር የሳይት መሐንዲስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወጣቶቹ የፎቶ ኮፒውን ዘመን ስላላዩት የያዙትን ያህል አያከብሩትም። 5 ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ፋኩልቲው አጠገብ፣ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ እየገዛን ነበር የምንሠራው። የድሬኔጅ ማንዋሉ አገሪቱን በዝናብ ክልል ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክልል የዝናብ ጥንካሬ ከርቭ ያስቀምጣል። ከርቮቹ እንደ ድግግሞሽ ዘመናቸው ተደርድረዋል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ኮፒ ላይ ግን የ25 ዓመቱና የ50 ዓመቱ መስመር ተጋብተው አንድ ወፍራም ጥቁር ሰረዝ ይሆናሉ። ስንት ካልቨርት በዚያ ሰረዝ ግምት እንደተሠራ እግዜር ይወቀው።

ለዚህ ሀብት ለገሃር ያለው መሥሪያ ቤት ምስጋና ይገባዋል። በ1943 ዓ.ም. አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተብሎ የተቋቋመው ይህ ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣቸውንና በ2013 ያደሳቸውን የዲዛይን ማንዋሎች በነፃ ለቅቋቸዋል። የጂኦሜትሪክ፣ የፔቭመንት፣ የድሬኔጅ፣ የድልድይ ማንዋሎች፣ ስፔሲፊኬሽኑም ጭምር፣ ማንም ሊያወርዳቸው ይችላል። በብሪታንያ የልማት እርዳታ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ትራፊክ የማይበዛባቸው መንገዶች ማንዋልም እንዲሁ ነው። አውሮፓ ውስጥ ግን የዲዛይን ደረጃዎቹ፣ ዩሮኮድ የሚባሉት፣ በገንዘብ ይሸጣሉ።

በዚህ ቤተ መጻሕፍት ስለሚገኘው የሬድ አሽ ጥናት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በስምጥ ሸለቆ ዳር ተቆልሎ የምናየው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር «ለመንገድ አይሆንም» ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ! ኒውዊል የተባለ የእንግሊዝ የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ ባለሙያና ካሳዬ አክሊሉ ግን፣ ይህ ጠጠር ኢትዮጵያ ውስጥ የት የት እንደሚገኝና ጠባዩ ምን እንደሆነ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1980 አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ በመንገድ ላይ የተደረገው ሙከራ ውጤት ታተመ። ሬድ አሽ ብቻውን ደቃቅ ስለሚያንሰው አይያያዝም። ከሚያጣብቅ ደቃቅ አፈር ጋር ሲቀላቀል ግን ይረጋል፤ ከላዩ አስፋልት ተረጭቶበት ቀላል ትራፊክም ይሸከማል። የእኛው ጠጠር፣ በእኛው መንገድ ላይ የተፈተነ። ጥናቱ ለረጅም ጊዜ በውጭ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ በኋላ በስካን መልክ ወደ ስልካችን ተመለሰ። ያላነበበው መሐንዲስ ዛሬም የተፈጨ ድንጋይ ከሩቅ ያስጭናል፣ ሂሳቡን የሚከፍለው ወረዳው ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ፋይል እንደ ጉድ ይዘዋወራል፣ የፋይሉ ዓመተ ምሕረት ግን አይዘዋወርም።

የሕንፃ ሥራን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ፣ በተለምዶ ኢቢሲኤስ የምንለው፣ ክፍል 8 ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ነው። በዚያ ኮድ አዲስ አበባ ዞን 2 ላይ ነበረች፤ ለዲዛይን የሚወሰደው የአለት ፍጥነት ለውጥ ከመሬት ስበት 0.05 ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ ዩሮኮድን የተከተለው አዲሱ ደረጃ ግን ከተማዋን ዞን 3 ላይ አድርጎ ቁጥሩን 0.10 አደረገው። እጥፍ ማለት ነው። በእርግጥ ሕንፃው ላይ የሚያርፈው ጉልበት በትክክል እጥፍ ይሆናል ማለት አይደለም፤ የአፈሩ ዓይነት፣ የሕንፃው ቁመትና የመዋቅሩ ጠባይ ይገቡበታል። መነሻው ግን ያ ቁጥር ነው፤ መነሻው ከተሳሳተ የዲዛይን ሶፍትዌሩ ኢታብስ የሚያወጣው ባለ ቀለም ሥዕል ሁሉ አያድንም።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ወሬ አለ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥና አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ «ቁጥሩ ያደገው መንቀጥቀጡ ስለበዛ ነው» የሚሉ ሰዎች በዙ። አይደለም። ቁጥሩ የተለወጠው ከዚያ አሥር ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። ምክንያቱም መሬቱ ሳይሆን እኛ የጠየቅነው ጥያቄ መለወጡ ነው። የ1995ቱ ኮድ የሚያሰላው በአማካይ በ100 ዓመት አንዴ ለሚደርስ መንቀጥቀጥ ነበር። እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ በአንድ ሕንፃ የ50 ዓመት ዕድሜ ውስጥ የመድረሱ ዕድል ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይሻልም። አዲሱ የተነሣው ከ475 ዓመት ነው፤ በዚያው 50 ዓመት ውስጥ ያለው ዕድል 10 በመቶ ይሆናል። መሬቱ ያው በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬን መንቀጥቀጥ ያየው መሬት ነው።

በፈንታሌው መንቀጥቀጥ ሰሞን እኔ ባለሁባቸው ግሩፖች «የመሬት መንቀጥቀጥ ኮድ» የሚል ፋይል ጎረፈ። አብዛኛው የ1995ቱ ነበር። ሽፋኑ የተቆረጠ፣ ስሙ «ኮድ 8 ፋይናል» የተባለ፣ ላኪው ከማን እንዳገኘው የማያስታውስ። ከሥሩ ደግሞ መቶ የምስጋና ምልክት!

ከፒዲኤፉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ኤክሴሉ ነው። ፒዲኤፍ ቢያንስ ይነበባል። የኤክሴል ሺት ግን ቁጥሩን ከተደበቀ ሴል ውስጥ አስቀምጦ ውጤቱን ብቻ ያሳያል። አንዲት ጎበዝ ወጣት መሐንዲስ የሠራችውን የሕንፃ ስሌት እንድመለከትላት አምጥታልኝ፣ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ሳለ የመሬት መንቀጥቀጡ ጉልበት አነሰብኝ።

«ይህን ሺት ከየት አመጣሽው?»

«ከቻናል ነው ጋሼ፣ ሁሉም ሰው እኮ የሚሠራበት ነው።»

የተደበቀውን ዓምድ ከፈትነው፤ 0.05 ቁጭ ብሏል። ልጅቷ አልተሳሳተችም ማለቴ አይደለም፤ ያልፈተሹትን ሺት አምኖ መፈረም ስህተት ነው። ግን ሺቱን ሠርቶ ስሙንም ዓመቱንም ሳይጽፍበት የለቀቀው ሰው ከእሷ ይብሳል። ዕውቀት ማካፈል ጽድቅ ነው ብሎ የሚኩራራም እሱ ነው።

በዚህ ላይ የሁለት ዘመን አቆጣጠር ጣጣ አለብን። «ማንዋል 2013» የሚል ፋይል ያየ ተማሪ በኛ አቆጣጠር መስሎት የቅርብ ጊዜ አድርጎ ይወስደዋል። በኛ 2005 ዓ.ም. ነው። በመሃል ያሉት ስምንት ዓመታት በመንገድ ሥራ ብዙ ናቸው።

ቻናሉን ዝጉት የሚሉ አሉ፤ እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ቢዘጋ ወደዚያ ጥቁር ሰረዝ መመለሳችን ነው። የጎደለው ነገር ትንሽ ነው፦ የሰነዱ ሙሉ ስም፣ የወጣበት ዓመት ከነአቆጣጠሩ፣ ያወጣው መሥሪያ ቤት፣ አሁን በሥራ ላይ ይሁን አይሁን። አራት ነገር በፋይሉ ስም ላይ መጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሺት ለሚለቁ ደግሞ፣ የገባው ቁጥር ሁሉ ከየትኛው ኮድ፣ ከየትኛው ሠንጠረዥ እንደመጣ ከጎኑ ይጻፍ፤ ሴል አይደበቅ።

የ1995ቱ ፋይል ስልካችሁ ላይ ካለ ደግሞ አታጥፉት። እ.ኤ.አ. ከ1995 በኋላ በካዛንቺስም በቦሌም የተሠሩ ብዙ ፎቆች በእሱ ስለተሰሉ፣ እነሱን ለመመርመርና ለማጠናከር የሚነሣ ባለሙያ ይፈልገዋል። ስሙን ብቻ ለውጡና «የተሻረ» ብላችሁ ጻፉበት። ለአዲስ ሕንፃ አዲስ አበባ ላይ ቁጥሩ 0.10 ነው።