ቅቤው፣ ተልባውና ሎሚው

ከገበያ የመጣ ለጋ ቅቤ በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች ሁለት ዕጣ አለው። አብዛኛው ከኮረሪማና ከኮሰረት ጋር ተነጥሮ ለወጥ ይቀመጣል፤ ጥቂቱ ደግሞ ሳይነጠር ወደ ራስ ይሄዳል። እናት ልጇን በጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣ ፀጉሯን በሚዶ እየከፈለች ትቀባታለች፤ ልጅቷም ፀሐይ ላይ ሆና ቅቤው እስኪቀልጥና በግንባሯ መንቆርቆር እስኪጀምር ትጠብቃለች። ፀሐይ ከሌለ ፌስታል ደፍቶ በሻሽ ማሰርም ያው ነው። የውበት መጽሔትና የስልክ ቪዲዮ ከመምጣታቸው በፊት የነበረ፣ ፀጉር ቤት የማያስኬድ እንክብካቤ ይህ ነበር።

ለምን እንደሚሠራ ለመረዳት የፀጉሩን ቅርፅ ማየት ይበቃል። ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ቅባት ቀጥ ባለ ፀጉር ላይ ሳይቸገር እስከ ጫፍ ይወርዳል። በተጠቀለለ ፀጉር ላይ ግን ጉዞው ረጅም ነው፤ ሥሩ ወዛም ሆኖ ጫፉ ይደርቃል፤ የደረቀው ደግሞ በየመታጠፊያው ይሰበራል። “ፀጉሬ አላድግ አለ” የሚሉ ብዙዎች ፀጉራቸው እያደገ ነው። የሰው ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ያንኑ ያህል ከጫፍ እየተሰበረ ከሄደ ግን ርዝመቱ ባለበት ይቆማል። ከውጭ የሚጨመር ቅባት መሰበሩን ይቀንሳል። ቅቤ ፀጉር ያሳድጋል የሚባለው እምነት የመጣው ከዚህ ይመስላል፤ ያደገው እንዳይሰበር ማድረጉ ለተመልካች ያው ማሳደግ ነውና።

ልማዱ የከተማ ቤት ብቻ አይደለም። የደቡብ ኦሞ ሐመር ሴቶች ቅቤን ከቀይ አፈር ጋር ለውሰው ፀጉራቸውን በቀጫጭኑ ይገምዱበታል፤ የአፋር ወጣቶችም በቅቤ አወዝተው ይጠቀልሉታል። በተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች ከእንጨት የሚጠረበው የራስ መደገፊያም አንዱ ጥቅሙ በቅቤ የተበጀው ፀጉር ሌሊት እንዳይበላሽ ማድረግ ነበር።

ቅቤ ግን ጣጣ አለው። በውስጡ የሚቀረው አሬራና ውሃ በራስ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል፤ የታወቀው ሽታ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ገበያ ላይ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ መኖሩም ለማንም ሸማች አዲስ ወሬ አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የፎረፎር ነገር ነው። ፎረፎር ሲታይ ብዙ ሰው የራስ ቆዳው የደረቀ ይመስለውና ቅቤ ይጨምርበታል። ፎረፎርን ከሚያባብሱት ዋነኛው ማላሴዚያ የተባለ በሁሉም ሰው ራስ ላይ የሚኖር ፈንገስ ነው፤ ምግቡም ቅባት ነው። ቅቤው ለጊዜው ቅርፊቱን አርሶ ይደብቀዋል፤ ከዚያ ለፈንገሱ ድግስ ይሆናል። ፎረፎር ያለበት ሰው ቅቤውን ከፀጉሩ መሀል እስከ ጫፍ ቀብቶ የራስ ቆዳውን ቢተው፣ ለቆዳው ደግሞ ከመድኃኒት ቤት የፎረፎር ሻምፑ ቢገዛ ይሻለዋል። ከሻምፑ በፊት ለአንድ ሁለት ሰዓት ተቀብቶ መታጠብም ቀን ሙሉ ይዞ ከመዋል ያነሰ ሽታ፣ ያነሰ የትራስ ልብስ ማጠብ አለው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚሳተው ቅደም ተከተል ነው። ቅባት ውሃ አይሰጥም፤ ክዳን ነው፤ ያለውን ውሃ እንዳይተን ይከድናል። ደርቆ የዋለ ፀጉር ወይም ቆዳ ላይ የተቀባ ዘይት የሚከድነው ድርቀቱን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ቅባት።

በዚህ ሥራ ከቫዝሊን የሚበልጥ ርካሽ ነገር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሮበርት ቼዝብሮ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በፔንሲልቬንያ የነዳጅ ጉድጓዶች ሠራተኞች ከመቆፈሪያው ላይ የሚጠራቀመውን ዝቃጭ ቃጠሎና ቁስል ላይ ሲቀቡት አይቶ አጣራውና እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ መብት አወጣበት። ሽታ የለውም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ አለርጂም እምብዛም አያስነሳም። ገላን ታጥቦ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ተረከዝ፣ ክርንና ከንፈር ላይ ስስ አድርጎ መቀባት ብዙ ውድ ክሬም የሚሠራውን ያህል ይሠራል። በጥቁር አዝሙድና በአልዎ ቬራ የሚምል ሞልቶ በቫዝሊን የሚምል ሰው ጥቂት መሆኑ የሚያስገርም ነው፤ ምናልባት ርካሽነቱ ሳያስንቀው አልቀረም።

የዘይቶችም ባሕርይ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የህንድ ተመራማሪዎች ጥናት የኮኮናት፣ የሱፍና የማዕድን ዘይትን ሲያወዳድር ከፀጉር የሚወጣውን ፕሮቲን የቀነሰው የኮኮናቱ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱም በውስጡ የሚበዛው የቅባት አሲድ ትንሽና ቀጥ ያለ በመሆኑ ወደ ፀጉሩ ውስጥ መግባት ይችላል። ሌሎቹ ከላይ ይቀራሉ። የጉሎ ዘይት በተለይ እጅግ ወፍራም ስለሆነ ብቻውን ሲቀባ ፀጉርን ያጣብቃል፤ ከቀለለ ዘይት ጋር መቀላቀል ይሻላል። ፀጉር እንደሚያበቅል ግን በጥናት አልተረጋገጠም።

አሁን ወደ ተልባ። በቤት ከሚሠሩ የፀጉር ነገሮች ሁሉ ከወጪው ጋር ሲነጻጸር የሚያኮራው ይህ ነው።

የተልባ ፍሬ ሽፋን ውሃ ሲነካው የሚዝለገለግ ነገር ይለቃል። ይህ ፀጉር ላይ ሲደርቅ ስስ ሽፋን ሆኖ የተጠቀለለውን ቅርፅ ይይዛል፤ ከሱቅ የሚገዛው ጄል የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ለጾም መጠጥ እንደሚደረገው ተቆልቶና ተወቅጦ ግን አይሆንም፤ የተወቀጠው ዱቄት ከፀጉር ላይ ተለቅሞ አያልቅም። ጥሬውን፣ ሙሉ ፍሬውን፣ አንድ እጁን በስምንት እጅ ውሃ ጥዶ ሳያቋርጡ ማማሰል ነው። ውሃው አረፋ አውጥቶ እንደ እንቁላል ነጭ ከማንኪያ ላይ በክር መልክ ሲንጠለጠል ከእሳት ይወርዳል። እዚህ ላይ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ፍሬውንና ጄሉን የሚለይ ወንፊት የለም። ትኩሱን በንጹሕ ስቶኪንግ ወይም በሻሽ ማጥለል፣ እጅ እንዳይቃጠልም በማንኪያ እየተጫኑ መጭመቅ ያስፈልጋል። ሲበርድ ታጥቦ ባልደረቀ ፀጉር ላይ በጣት እየከፈሉ ይቀባል፣ ሳይነካካ እንዲደርቅ ይተዋል። ሲደርቅ ጠጠር ይላል፤ በእጅ ጥቂት ዘይት ይዞ ማፍታታት ነው።

ብዙ ሠርቶ ማስቀመጥ ግን ኪሳራ ነው። ተልባው ምግብ ነው፣ ውሃ አለው፣ መከላከያ የለውም፤ ባክቴሪያና ሻጋታ የሚወዱት ሁሉ ተሟልቶለታል። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። ሽታው ከተለወጠ ወይም ከቀጠነ ይደፋል። ዘይት ብቻ የሆነ ነገር ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ውሃ፣ ማር፣ እርጎ ወይም አቮካዶ የገባበት ግን የዕለቱን ብቻ።

የተዘፈዘፈ አብሽም ይዝለገለጋል፤ ለማለስለስ ጥሩ ነው፣ ሽታው ግን ከባለቤቱ ቀድሞ በር ያንኳኳል። እንቁላል በስም ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲኑ ግን ወደ ፀጉር ለመግባት በጣም ትልቅ ነው፤ በሙቅ ውሃ የታጠበ ሰው ደግሞ እራሱ ላይ እንቁላል ፍርፍር ይሠራል። የጥብስ ቅጠል ከእነዚህ የተለየ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የኢራን ጥናት 100 ራሰ በራነት የጀመራቸውን ወንዶች ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን የጥብስ ቅጠል ዘይት፣ ለሌላው ሚኖክሲዲል የተባለውን መድኃኒት 2 በመቶ ሰጥቷቸው ነበር። በሦስተኛው ወር በሁለቱም ወገን ለውጥ አልታየም፤ በስድስተኛው ወር በሁለቱም የፀጉር ቁጥር ጨምሯል። አንድ ጥናት ነው፣ የተሠራውም ከቅጠሉ በተጠመቀ ዘይት ነው። ከቅርንፉድ ጋር አፍልቶ በመርጫ መርጨት ያው ውጤት ይሰጣል ማለት አይቻልም፤ ስድስት ወር የሚታገሥም ጥቂት ነው።

ከጓዳ ወደ ፊት መውጣት የሌለባቸውም አሉ፤ ቀዳሚው ሎሚ ነው። የቆዳ ውጫዊ ገጽ በጥቂቱ አሲዳማ ነው፣ ፒኤች 5 አካባቢ፤ ሎሚ ደግሞ 2 ገደማ ነው። ከዚያ በላይ በሎሚ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን ያቃጥላል፤ ቃጠሎው ሲሽር ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል። ማድያት ሊያስለቅቅ ሎሚ የተቀባ ሰው ሌላ ማድያት የመሰለ ነገር ይዞ ይመለሳል። ቤኪንግ ሶዳ በተቃራኒው ወደ 8 የሚጠጋ በመሆኑ የቆዳን መከላከያ ያናጋል። የተፈጨ ስኳር ለተረከዝ እንጂ ለፊት አይሆንም። ላሽ ላይ ነጭ ሽንኩርት ማሸት ደግሞ ቆዳን ሊያቃጥልና ውሃ ሊያስቋጥር ይችላል። ልጆችን የሚይዘው ቆረቆርም በዘይትም በቅባት መድኃኒትም አይድንም፤ ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ይህም የሐኪም ጉዳይ ነው።

በርካሽ ከሚሸጡት ሁሉ የሚያሰጋው የቆዳ ማቅያው ክሬምና ሳሙና ነው። አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት፤ ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፣ ከቀባችው እናት አልፎ በቤቱ ላሉ ሕፃናት ይደርሳል። ሜርኩሪን ለመቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ እስከ 2025 እንዲቀር በ2023 ተስማምተዋል፤ ገበያው ግን ስምምነት አይጠብቅም። ዕቃው ላይ “ካሎሜል” ወይም “ሜርኩሪክ” የሚል ቃል መኖሩ፣ ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር እንዳይነካካ ማስጠንቀቁ ምልክት ነው። ጭራሽ ምንም ጽሑፍ የሌለው ብልቃጥም ከዚህ አይሻልም። ሌሎቹ ስቴሮይድ ይዘዋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ፊቱ ያበራል፣ ቆይቶ ቆዳው ይሳሳል፣ ብጉር ይወርረዋል፣ ሲያቆሙት ይቀላል።

ጥፍርና እጅ ለማቅላት እንሶስላ ሥር ወቅጦ ማሰር ወይም ንጹሕ ሂና መቀባት በዘመናት የተፈተነ ነው። ሂና በተፈጥሮው ቀይ እንጂ ጥቁር አይደለም፤ በደቂቃዎች የሚያጠቁረው “ጥቁር ሂና” ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም ኬሚካል የተጨመረበት ነው፤ ውሃ ሊያስቋጥርና ጠባሳ ሊተው ይችላል። ከድንጋይ የሚፈጨው ኩልም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ለሕፃናት ዓይን አይሆንም።

በቤት ከሚሞከሩት መካከል ከፀጉር ማለስለሻ ክሬም በላይ ጥንቃቄ የሚሻ የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና ከ33 ሺህ በላይ አሜሪካውያት የተሳተፉበት ጥናት በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ፀጉር ማለስለሻ በተጠቀሙት ዘንድ እስከ 70 ዓመት ዕድሜ በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድል 4.05 በመቶ፣ ፈጽሞ ባልተጠቀሙት 1.64 በመቶ መሆኑን ገምቷል። ጥናቱ ክሬሙ በቀጥታ ካንሰሩን እንዳመጣ አያረጋግጥም፤ ተልባ ለማማሰል ግን በቂ ምክንያት ነው።

ማንኛውም አዲስ ነገር፣ ከሱቅም ይሁን ከጓዳ፣ ፊት ከመድረሱ በፊት በክንድ ውስጠኛ ክፍል ይሞከራል። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ የሚመክረው ሳንቲም በሚያህል ቦታ ላይ በቀን ሁለቴ ለ7 እስከ 10 ቀን መቀባት ነው። የፀጉር ቀለም ደግሞ ከመቀባቱ 48 ሰዓት አስቀድሞ ይሞከራል፤ ባለፈው ጊዜ ምንም ያላደረገ ቀለም በሚቀጥለው ሊያሳብጥ ስለሚችል በየጊዜው መድገም ይገባል። ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ሳምንት መጀመር ደግሞ ጥፋተኛውን ለመለየት አያስችልም።

ለፀጉር ከዚህ የሚቀል ዘዴ አለ። ራስን በሚዶ ከመሀል ከፍሎ ግራውን በአዲሱ፣ ቀኙን በለመዱት መያዝና ለአንድ ወር ያህል በየሳምንቱ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ ማንሳት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፎቶው ከዓይን የበለጠ ይናገራል። ግራና ቀኙ ከወር በኋላም አንድ ከሆኑ የተረፈው ተልባ ተቆልቶ ለጾም ይወቀጣል።