በመንገድ ላይ ለተከፈተ ጉድጓድ አላፊው ማን ነው?

ክረምት ሲበረታ ጎርፉ የእግረኛውን መንገድ ይሸፍንና ደልዳላውንና ጉድጓዱን አንድ አስመስሎ ያሳያል። ለቧንቧ ወይም ለስልክ ሽቦ ተቆፍሮ የቀረ ቦይ፣ ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ከተሰበረ ንጣፍ ያፈነገጠ ብረት ሁሉ ከውሃው ሥር ተደብቆ ይቆያል። አንድ መንገደኛ ገብቶበት እግሩ ቢሰበር፣ የተሰበሰበው ሰው «ምን ይደረግ፣ የዕለት ክፉ ነው!» ብሎ አዝኖ ይበተናል። ሕግ ግን በዚህ አያበቃም። ሕግ የሚጠይቀው፣ ጉድጓዱን ማን ቆፈረው? ማንስ ሳይከድነው ተወው? ብሎ ነው።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21፣ ጉድጓድ ከፍቶ ሳይከድን የተወ ሰው፣ በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ለከብቱ ጌታ ዋጋውን እንዲከፍል ታዟል። ለአህያ ይህን ያህል ከታሰበ፣ ለሰው ልጅማ ምን ያህል ሊታሰብ ይገባ!

የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁን ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ አዘጋጅተውት፣ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው። ከውል ውጭ ስለሚደርስ አላፊነት የሚናገረው ክፍሉ ዛሬም ይሠራበታል። በዚህ ክፍል ቁጥር 2028፣ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ካሣ መክፈል አለበት። በቁጥር 2029 ደግሞ ጥፋት ማለት አስቦ ማድረግ ብቻ ሳይሆን ቸልተኝነትም ነው፤ ማድረግ ብቻ ሳይሆን ማድረግ የሚገባውን አለማድረግም ነው። እንግዲህ «እኔ ማንንም አልገፋሁም» የሚለው መልስ ጉድጓዱን ክፍት የተወውን ሰው አያድነውም።

ቆፋሪው የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ እንደ ሆነስ? ወጣት ሹማምንት በተለይ ሊያጤኑት የሚገባቸው ይህ ነው። በቁጥር 2126 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛም በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት አላፊ ነው። ጥፋቱ በሥራ ላይ የተፈጸመ ሲሆን፣ ይኸውም ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ለመንግሥት ጥቅም እንደሚሠራ በቅን ልቡና አምኖ ያደረገው ሲሆን፣ ተጎጂው መንግሥትን ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። መንግሥት በበኩሉ የከፈለውን ከአጥፊው ሠራተኛ ላይ መልሶ መጠየቅ ይችላል። የግል ጥፋት ሲሆን ግን መንግሥት አይጠየቅም። ይህ ደንብ በቁጥር 2128 ለማዘጋጃ ቤትና ለመሰሉት ሁሉ ይሠራል።

ተጎጂውም የራሱ ግዴታ አለበት። የጉዳቱን መጠንና ተከሳሹን አላፊ የሚያደርገውን ነገር ማስረዳት የእርሱ ፈንታ ነው። ስለዚህ የሐኪም ወረቀት፣ የምስክሮች ስምና የጉድጓዱ ፎቶግራፍ፣ ጉድጓዱ ሳይደፈን በጊዜው መያዝ አለባቸው። ለጉዳቱ ተጎጂው ራሱም በከፊል ጥፋተኛ ከሆነ ካሣው በዚያው መጠን ይቀነሳል። ክሱንም ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ ያስፈልጋል።

ጥንቃቄውስ እስከ ምን ድረስ ነው? ለዚህ በለንደን የተፈረደ አንድ ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1956 የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የእግረኛ መንገድ ቆፍረው፣ ለማስጠንቀቂያ አንድ ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ አጋድመው ሄዱ። ዓይን ላለው ይህ ይበቃ ነበር። ነገር ግን አንድ ዓይነ ስውር ነጭ በትሩን ይዞ ወደ ሥራው ሲሄድ፣ በትሩ መዶሻውን ሳይነካው አለፈና ወደቀ፤ በዚያም ጆሮው ደነቆረ። የበታች ፍርድ ቤቶች ክሱን አልተቀበሉትም። በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ፍርድ ሰጪ የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ግን በ1964 ፍርዱን ገለበጠው። ምክንያቱም ዓይነ ስውራን ብቻቸውን በመንገድ እንደሚሄዱ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ቆፋሪው ስለ እነርሱም አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት። ይህ ፍርድ የእኛን ዳኛ የሚያስገድድ ባይሆንም፣ ትምህርቱ ለእኛም ይጠቅማል። መንገድ የተሠራው ለጎልማሳና ለጤነኛ ብቻ አይደለምና።

ስለዚህ ነገ «ሥራው ተጠናቋል» በሚል ወረቀት ላይ የምትፈርም ወጣት ሹም፣ ከመፈረምህ በፊት ወርደህ ቦታውን በዓይንህ እይ። ክዳኑ ከሌለ አስከድን፤ እስኪከደንም አሳጥር፤ ለሌሊትም መብራት አቁምበት። የአጥሩ ዋጋ ከአንድ ሰው እግር ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው።