ድንኳን ልትገዙ ነው? «ባለ 4 ወቅት» የሚለው ጽሑፍ የኛን ክረምት አያውቅም

ቀለል ያለ፣ በጀርባ የሚያዝ ድንኳን ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ይሄን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። ለተራራ ጉዞም ይሁን ለታኅሣሥ 29 ላሊበላ፣ ለመስከረም 21 ግሸን በእግር ለሚሄድ፣ ስህተቱ የሚታወቀው ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ድንኳኖች ላይ «ባለ 3 ወቅት» ወይም «ባለ 4 ወቅት» የሚል ይጻፋል። ብዙዎቻችን «4 ካለ ክረምትንም ይችላል ማለት ነው» ብለን ውዱን እንመርጣለን። ነገሩ ግን እንደዛ አይደለም። አራተኛው ወቅት የፈረንጆቹ ክረምት ነው፤ በረዶ ተከምሮ የሚያድርበት። ለዚያ የተሠራ ድንኳን ይከብዳል፣ አየር ማስገቢያውም ጠባብ ነው። የኛ ክረምት ደግሞ ዝናብና ጭቃ ነው። ለሀገራችን ባለ 3 ወቅት፣ ዝናብ በደንብ የሚችል ድንኳን ይበቃል። ውዱን ይዛችሁ መርሳ ላይ ብታድሩ ምጣድ ላይ እንደተኛችሁ ቁጠሩት።

ከወቅቱ እኩል ከፍታውን እዩ

ከወልድያ እስከ መርሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መርሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ፣ ወልድያ 2,000 ገደማ፣ ላሊበላ 2,500 አካባቢ፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ሒሳቡን ሥሩት፦ መርሳ ላይ ሌሊቱ 15 ዲግሪ ከሆነ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ ላይ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። ቀኑ አንድ፣ ወሩ አንድ፣ ብርዱ ግን ሌላ።

በየወቅቱ ምን እንፈልግ?

ከጥቅምት እስከ ጥር፦ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ደጋው ላይ ውርጭ አለ። እዚህ ጋር ልብ በሉ፤ ድንኳን ነፋስና ጤዛ ይከላከላል እንጂ አያሞቅም። የሚያሞቀው ስሊፒንግ ባጉ፣ ጋቢውና ከሥር የሚነጠፈው ነው። ፍራሽ ከሌለ ደረቅ ጭድ አንጥፉ፤ ብርዱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬትም ነው የሚመጣው። ድንኳኑ ባለ ሁለት ልብስ ይሁን፦ ውስጡ መረብ ያለው፣ ውጪው ዝናብ መከላከያ። ባለ አንድ ልብስ ከሆነ የትንፋሻችን እንፋሎት ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ያድርና ጠዋት ዝናብ ሳይዘንብ እርጥብ ሆናችሁ ትነሳላችሁ።

በልግ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፦ ቀን ፀሐይ፣ ማታ ድንገተኛ ዝናብ። ቶሎ የሚተከል ድንኳን ምረጡ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቆላው ይፋጃል፤ ሰፊ መረብ ያስፈልጋል። የሐብሩ ቆላ ደግሞ የወባ ትንኝ አለው፤ ስለዚህ የመረቡ ዚፕ በደንብ መዘጋቱን እዩ። ቀዳዳ ያለው መረብ ካለ አጎበር አይሻልም።

ክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ፦ ቁጥር አንብቡ። ዕቃው ላይ 1,500 ወይም 3,000 ሚሊ ሜትር የሚል ይኖራል። ጨርቁ ሳያፈስ ስንት ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ እንደሚችል ነው የሚናገረው። ለጣሪያው ከ1,500 ባያንስ፣ እናንተ ተኝታችሁ ለምትጫኑት ወለል ደግሞ 3,000 ቢሆን ጥሩ ነው። የውጪው ልብስ እስከ መሬት ይድረስ። ስፌቱ ከውስጥ በፕላስተር ነገር የታሸገ መሆኑን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ጨርቁ ሳይሆን ስፌቱ ነው።

ክብደቱስ?

ጥሩ የሚባል ቀላል የሁለት ሰው ድንኳን ከ1.5 እስከ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ርካሾቹ 3 ኪሎና ከዚያ በላይ ናቸው። ለሁለት ከሆናችሁ ተካፈሉት፤ አንዱ ጨርቁን፣ አንዱ ምሰሶና ካስማውን። «የሁለት ሰው» ማለት ትከሻ ለትከሻ ማለት ነው፤ ሻንጣ ውስጡ አይገባም። የአሉሚኒየም ምሰሶ ከፋይበሩ ይቀላል፣ ሲጎብጥም መልሶ ይቀናል፤ ፋይበሩ ግን ይሰነጠቃል።

ከመሄዳችሁ በፊት ግቢያችሁ ውስጥ ትከሉትና በጆግ ውሃ አፍስሱበት። የሚያፈስ ከሆነ እዚያው ይታወቅ።

ሕይወት የሚያስከፍሉ ሦስት ነገሮች

1. ከሰል። በረደን ተብሎ ከሰል ወይም የጋዝ ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይገባም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ እንቅልፍ እንደወሰደን ይገድላል። ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ቢመስልም ያው ነው። የሞቀ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ክዳኑን ማጥበቅና በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ ይሻላል።

2. ደረቅ ወንዝ። አሸዋው ለጥ ያለና ለስላሳ ስለሆነ ያጓጓል። ግን በኛ አካባቢ ወንዞቹ ከምዕራቡ ተራራ ወርደው ወደ አፋር ቆላ ነው የሚሄዱት። መርሳ ላይ ኮከብ እየታየ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ደራሽ ውሃ «መጣሁ» አይልም። ከወንዙ ዳር ከፍ ብላችሁ እደሩ። ብቻውን የቆመ ረጅም ዛፍ ሥርም አትተኙ፤ መብረቅ አለ።

3. ሳያሳውቁ ማደር። ጨለማ ውስጥ የማይታወቅ ድንኳን ያየ ገበሬ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። አሁን ባለው ሁኔታ ደግሞ የመንገዱን ሰላም ሳይጠይቁ መውጣት አይታሰብም። ቀን ደርሳችሁ የሰፈሩን ሽማግሌ «አባባ፣ እዚህ ብናድር ይፈቅዱልናል?» በሉ። ምናልባትም ድንኳኑን ሳትፈቱት ቤት ያሳድሯችኋል፤ ወሎ ነው እኮ!

ባጭሩ፦ ባለ 3 ወቅት፣ ባለ ሁለት ልብስ፣ ወለሉ 3,000፣ ክብደቱ ከ2.5 ኪሎ ያልበለጠ። የተረፈውን ብር ለስሊፒንግ ባግና ለፍራሽ አውሉት። ለጉዞ ለሚዘጋጅ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት፤ በተለይ የከሰሉን ነገር።