ቀስትን ያለ ጉዳት ስለ መወጠር

ጥጥ በሚነደፍበት ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ ደጋንን ያውቃል። እናቱ ፍሬው የወጣለትን ጥጥ በፊቷ አኑራ የደጋኑን አውታር ደጋግማ ስታርገበግበው፥ ጥጡ እየተፍታታ እንደ ጉም ይነሣል፤ ኋላም ባዘቶ ሆኖ ወደ እንዝርት ይሄዳል። አውታሩ የላላ እንደ ሆነ እንጨቱን በጉልበቷ አስደግፋ ጥቂት ታጐብጠውና አጥብቃ ታስረዋለች። የደጋን ኃይል ትንሽ ስለ ሆነ በዚህ ሥራ የሚጐዳ የለም። ልጁም ይህን አይቶ ትልቁ ቀስት እንዲሁ በጉልበትና በእጅ ብቻ የሚወጠር ይመስለዋል።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በሐዲያና በከምባታ አገር የቀድሞ ሰዎች ዋና መሣሪያ ጦርና ጋሻ ነበረ፤ በመተከል እንደሚኖሩት እንደ ጉሙዞች ቀስት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ዕቃ አልነበረም። ስለዚህ በሆሳዕና ወይም በዱራሜ ከተማ የሚኖር ጐልማሳ ቀስትን ለጨዋታ ሊይዝ ቢወድ፥ የአያያዙን ሥርዓት ከአያቱ አፍ ሳይሆን ከመምህር ወይም ከመጽሐፍ ይማራል። በመጽሐፍ ደግሞ ስለ ዒላማ ብዙ ይጻፋል፤ ስለ መወጠር የሚጻፈው ግን ጥቂት ነው።

ቀስት ሁለት ጊዜ ይጐብጣል። መጀመሪያ አውታሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲታሰርበት ነው፤ ይህን መወጠር እንለዋለን። ሁለተኛው ፍላጻው ሊወረወር አውታሩ ወደ ኋላ ሲሳብ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ሁለተኛውን ነው፤ ነገር ግን እጅና ፊት ለእንጨቱ ጫፍ እጅግ የሚቀርቡት በመጀመሪያው ጊዜ ነው። ለመሳብ የ20 ኪሎ ሸክም ያህል ጉልበት የሚጠይቅ ቀስት፥ ሲወጠር ከእጅ ቢያመልጥ ጫፉ ተስፈንጥሮ ዓይንን ወይም ጥርስን ያገኛል። ዓይን ደግሞ እንደ ተሰበረ እንጨት በሌላ አይተካም።

ያለ ገመድ የሚወጥሩ ሰዎች ሁለት ልማድ አላቸው። አንዳንዶች የታችኛውን ጫፍ ከእግራቸው ሥር አድርገው መጨበጫውን በአንድ እጅ ወደ ራሳቸው እየሳቡ፥ በሌላው እጅ የላይኛውን ክንፍ ይገፋሉ። ሌሎች በቀስቱና በአውታሩ መካከል አንድ እግራቸውን አስገብተው እንጨቱን በጭናቸው ያጐብጣሉ። በመጀመሪያው እጅ ይንሸራተታል፤ ፊትም በጫፉ አቅጣጫ ይሆናል። በሁለተኛው ክንፉ ወደ ጐን ይጣመማል፤ አንድ ጊዜ የተጣመመ ክንፍ ደግሞ አውታሩን ከመያዣው ይጥላል። የለመደ ሰው በሁለቱም ብዙ ዓመት ያለ ጉዳት ሊሠራ ይችላል። ለጀማሪ ግን አልመክርም፤ ለለመደውም ቢሆን የሚያተርፈው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ብዙዎች ገመድን የሚንቁት የደካማ ሰው መሣሪያ ስለሚመስላቸው ነው። ይህ ትዕቢት ጥንታዊ ነው። በግሪኩ ባለ ቅኔ በሆሜሮስ ታሪክ ውስጥ የኦዲሴዎስን ሚስት ሊያገቡ የመጡ ጐበዞች ቀስቱን መወጠር አቅቷቸው፥ በእሳት እያሞቁና ስብ እየቀቡ ደክመዋል፤ ባለቤቱ ግን ጠባዩን ያውቅ ነበርና ተቀምጦ ሳይቸገር ወጠረው። ሄሮዶቱስ የሚባለውም ጸሐፊ የሚከተለውን ይተርካል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ525 ዓመት ግብጽን የያዘው የፋርስ ንጉሥ ካምቢሲስ፥ ግሪኮች ኢትዮጵያ ወደሚሉት ከግብጽ በስተ ደቡብ ወዳለው አገር ሰላዮችን ላከ። የዚያ አገር ንጉሥ ትልቅ ቀስት አሳያቸውና ፋርሶች እንዲህ ያለውን በቀላሉ መሳብ ሲችሉ ያን ጊዜ ለጦርነት ይምጡ አለ። ይህን ብሎ ቀስቱን የሰጣቸው አውታሩን ካላላ በኋላ ነው። ታሪኩን የሚያነብ ሁሉ የንጉሡን ኵራት ያደንቃል፤ እኔ ግን የማደንቀው ይህን ትንሽ ጥንቃቄ ነው። የተወጠረ ቀስት ለማያውቀው ሰው አይሰጥምና።

በእግር መጠቀምም አዲስ ነገር አይደለም። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ቀስትን መገተር የሚነገርበት ቃል መርገጥ ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው። የመወጠሪያ ገመድም የሚሠራው በዚሁ ጥበብ ነው፤ እግር ይረግጣል፥ እጅም ቀጥ አድርጎ ያነሣል።

መወጠሪያው በሁለት ጫፉ ትንንሽ የቆዳ ከረጢት ያለው ገመድ ነው። ሰፊው ከረጢት በቀስቱ ታችኛ ጫፍ፥ ጠባቡ በላይኛው ጫፍ ይገባል። በአንዱ ጫፍ ከረጢት፥ በሌላው ክንፉን የሚደገፍ የጐማ ቁራጭ ያለውም ይሸጣል፤ ነገር ግን ክብና ልሙጥ በሆነ የእንጨት ክንፍ ላይ ጐማው ይንሸራተታልና ለእንጨት ቀስት ባለ ሁለቱ ከረጢት ይሻላል። ከረጢቱ ጫፉን አጥብቆ ይያዝ፤ ጥልቀቱ ግን ለአውታሩ የተቀረጸውን መያዣ እስኪሸፍን አይሁን፤ ቢሸፍነው የአውታሩ ቀለበት የሚገባበት ያጣል። ስፌቱ ድርብ ይሁን። ቆዳው ደርቆ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ዋጋው ቢረክስም አይገዛ።

ስለ ገመዱ ጥቂት ልዘግይ። ብዙ ሰው ናይሎንን ይመርጣል፤ ናይሎን ጽኑ ነው፥ ነገር ግን ሲጫኑት ይለጠጣል። የሚለጠጥ ገመድ ቀስቱን ያዘልለዋል፤ በዚህም ጊዜ ከረጢቱ ይወልቃል። የማይለጠጥ ገመድ ፈልግ። በዚህ አገር ከእንሰት የሚፋቀው ቃጫ ለዚህ ሥራ የሚናቅ አይደለም፤ የመርከብ ገመድ የሚሠራበት የማኒላ ቃጫም ከእንሰት ጋር ከአንድ ወገን ከሆነ ተክል የሚገኝ ነው። በሆሳዕና ገበያ ቃጫ የሚገዛ ሰው ረጅሙንና ነጩን መርጦ በሦስት ያስገምደው። ነገር ግን ቃጫ እርጥበት ሲያገኘው ይበሰብሳልና በክረምት ደረቅ ቦታ ይሰቀል። እኔ ብመርጥ የቀስቱን ኃይል አምስት እጥፍ የሚችል እወስዳለሁ፤ ለ20 ኪሎ ቀስት 100 ኪሎ ማለት ነው። ይህም አንድ ሙሉ ሰው ቢንጠለጠልበት የማይበጠስ ነው።

የገመዱ ርዝመት እንዲህ ይለካል። ከረጢቶቹን በጫፎቹ አግብተህ ገመዱን ስትረግጥ፥ መጨበጫው ከጉልበትህ በላይ ከወገብህ በታች ይሁን። ገመዱ ካጠረ ጫፎቹን ከልክ በላይ ይጐትታል፤ ከረዘመ ደግሞ ክንድህ ወደ ላይ ወጥቶ ጉልበት ያጣል።

ስትወጥር አስቀድመህ የአውታሩን አንድ ቀለበት በታችኛው መያዣ አግባ፤ ሌላውን በላይኛው ክንፍ ላይ አሳልፈህ ተወው። አውታሩ ወደ ምድር ይሁን። ገመዱን መካከሉን ርገጥ፤ ቀስቱ ጽኑ ከሆነ በሁለት እግር። ፊትህን ከጫፎቹ መስመር አርቀህ መጨበጫውን በቀስታ ወደ ላይ አንሣ፤ በሌላው እጅህ ቀለበቱን ወደ መያዣው ግፋ። ከዚያ ሳትለቅ ሁለቱንም ጫፍ ተመልከት። ብዙ ጉዳት የሚደርሰው በዚህ ሰዓት ነው፤ ቀለበቱ የገባ ይመስላል፥ ነገር ግን ከፊሉ በመያዣው አፍ ላይ ቆሟል። ሁለቱ መግባታቸውን ካየህ በኋላ ቀስ ብለህ አውርድ፤ ከረጢቶቹንም አውጣ። ፍላጻ ሳይኖርበት ግን አውታሩን ስበህ አትልቀቅ፤ ፍላጻው ሊወስደው የነበረው ኃይል ሁሉ ወደ እንጨቱ ይመለሳልና።

ጨዋታው ሲያልቅ በዚያው ገመድ አውታሩን አላላው፤ ተወጥሮ ያደረ እንጨት ጐብጦ ይቀራል። ቀስቱንም ከምድጃ በላይ አትስቀል፤ የጢሱ ሙቀት ከልክ በላይ ያደርቀዋል። ገመዱን በየጊዜው በጣትህ እየዳሰስህ መርምር፤ ክሩ መፈታት የጀመረበትን ከቀስት ለየው፤ ፍየል ለማሰር ግን ይበቃል።