በሥራ መካከል የሚጠቁር ስክሪን

የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ስክሪን በሥራ መካከል በድንገት ሲጠቁር ብዙው ተጠቃሚ ሞኒተሩን ይጠረጥራል፤ ጥገና ቤት የደረሰ ኮምፒውተርም በቅጡ ሳይመረመር ፎርማት ተደርጎ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሁለቱም ችኮላ ነው። ምስል የሚታየው ኮምፒውተሩ ሲያዘጋጀው፣ ኬብሉ ሲያደርሰውና ሞኒተሩ ሲያበራው ሲሆን፣ ከሦስቱ የትኛውም ቢጓደል ለዓይን የሚቀረው ያው ጥቁረት ስለሆነ፣ ከጥገናው በፊት የጎደለውን መለየት ይገባል።

ለዚህ የሚረዳው የመጀመሪያው ፍተሻ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። በኪቦርዱ ቀኝ በኩል ያለው ነም ሎክ የተባለው ቁልፍ ሲጫኑት የሚበራው ትንሽ መብራት በኪቦርዱ በራሱ ትእዛዝ የሚበራ አይደለም፤ የቁልፉ መልእክት ወደ ኮምፒውተሩ ሄዶ፣ የኮምፒውተሩን ሥራ የሚመራው ፕሮግራም ማለትም ስርዓተ ክወናው ትእዛዙን ሲመልስ ነው የሚበራው። ስለዚህ ስክሪኑ ጠቁሮ ሳለ ይህ መብራት የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ነው፤ ችግሩም ያለው በምስሉ መንገድ ላይ ነው። መብራቱ ምላሽ ከነሣ ግን ኮምፒውተሩ ራሱ ቆሟል ወይም ኃይል አጥቷል።

ኮምፒውተሩ እየሠራ ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው ሞኒተሩ ነው። አብዛኞቹ የዛሬ ሞኒተሮች የሚሠሩበት ፈሳሽ ክሪስታል ራሱ ብርሃን አያመነጭም፤ ከበስተኋላው የሚመጣውን ብርሃን እንደ መጋረጃ ያሳልፋል ወይም ይከለክላል። ብርሃኑን የሚሰጡት በአሮጌዎቹ ሞኒተሮች ቀጫጭን የፍሎረሰንት ቱቦዎች፣ በአዲሶቹ ደግሞ ኤልኢዲ የሚባሉት ጥቃቅን አምፖሎች ናቸው። የኋላው ብርሃን ሲጠፋ ምስሉ አብሮ ስለማይጠፋ፣ ክፍሉን አጨልሞ የስልክ መብራት ከጎን በኩል ወደ ስክሪኑ ሲያበሩበት የፋይሎቹ ምልክቶች ደብዝዘው ይታያሉ። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የሞኒተሩ መሆኑ አያጠራጥርም። በተቃራኒው ሞኒተሩ ምልክት እንዳልደረሰው የሚገልጽ ጽሑፍ ካሳየ፣ ጽሑፉን ማሳየት መቻሉ ብቻውን ለደኅንነቱ ጥሩ ማስረጃ ነውና ኬብሉን ነቅሎ መልሶ መሰካት ወይም በሌላ ኬብል መሞከር ይቀድማል።

ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ በራሱ የሚመለስ ከሆነ የሚጠረጠረው የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱንና ስርዓተ ክወናውን የሚያገናኘው ፕሮግራም ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ዊንዶውስ ካርዱ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ምላሽ ካልሰጠ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሣዋል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ተጠቃሚው ራሱ የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የቢ ቁልፎችን በአንድነት በመጫን ይህንኑ ማድረግ ስለሚችል፣ ኮምፒውተሩን በግድ ከማጥፋት በፊት ሊሞከር ይገባል። ድራይቨሩን ማደስም ከፎርማት የቀለለ መፍትሔ ነው።

ጥቁረቱ የሚመጣው ጌም ሲከፈት ወይም ቪዲዮ ሲቀናበር ብቻ ሲሆን ጉዳዩ የሙቀት ወይም የኃይል ነው። አቧራ የጠጣ ፋን ወይም በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የደረቀ ቴርማል ፔስት ካርዱን ያግለዋል፤ ካርዱም ራሱን ለማዳን ሥራውን ያቆማል። ከዚህ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ይህ ሳጥን ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት የሚቀይር ሲሆን፣ የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 በታች እንዳይወርድ ይጠበቃል። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አጠራቅመው ቮልቱን የሚያረጋጉት ክፍሎች፣ በሙቀትና በዕድሜ ፈሳሻቸው እየደረቀ ስለሚደክሙ፣ ካርዱ በድንገት ብዙ ኃይል ሲስብ መስመሩ ይወርዳል፤ ኮምፒውተሩም ይጠፋል ወይም እንደ አዲስ ይነሣል።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሌላ ምክንያት ይታከላል። ደኅና ፓወር ሰፕላይ እንኳ መብራት ሲቋረጥ ኮምፒውተሩን ይዞ የሚቆየው ለ16 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው፤ ዓይን ልብ ያላለው ብልጭታ ስለዚህ ሥራን ሊያቋርጥ ይችላል። ብዙ ቤትና ቢሮ የሚተማመንበት ስታብላይዘር የቮልት መውጣትና መውረድን ያስተካክላል እንጂ የተቋረጠ ኃይልን ስለማይተካ ለዚህ ችግር መድኃኒት አይሆንም፤ የሚያስፈልገው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው፤ እርሱም ቢሆን ባትሪው ካረጀ ስም ብቻ ነው።

በሥራ መካከል ሳይሆን ገና ሲበራ ጀምሮ ምስል የማይሰጥ ኮምፒውተር ላይ ራሙን አውጥቶ ወርቅማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ አጽድቶ መመለስ ያረጀ ቢመስልም ዛሬም የሚሠራ ዘዴ ነው። ይህም ሆነ ማንኛውም የውስጥ ሥራ የሚሠራው ገመዱ ከሶኬት ተነቅሎ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ግን ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ባለው ትልቅ ካፓሲተር ከ310 ቮልት በላይ ሊደርስ የሚችል ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሳጥኑን በአዲስ ይለውጠው እንጂ ፈጽሞ አይክፈተው።